ወተት አለበት ያልሁት ዱቄት

የካቲት 3

ጾሙ ሳይገባ ላስፈጭ ያለው ሁሉ ዛሬ መጣ። ወፍጮ ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። ቤት ገብቼ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ራሴን በመስተዋት ሳየው «አባባ፣ ከመቃብር መቼ ተመለሱ?» አልሁት። ቁርጥ አባቴን።

ጡጦዋ ደህና እየሠራች ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሰብሌ «የንጥረ ነገር መጨመሪያ» ነው የምትላት፤ እንዲህ ያለ ስም ይዞ ማን ይወደዳል? በትልቁ ወፍጮ አናት ላይ ተቀምጣ ስንዴና ገብስ በተፈጨ ቁጥር ቢጫማ ቅመም ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። ብረት አለበት፤ ዚንክ አለበት፤ ፎሊክ አሲድ የሚሉት ነገርም አለበት። የፕሮጀክቱ ሰዎች መጀመሪያ የመረጡት ታች ሰፈር ያለውን ወፍጮ ነበር። እኔ ነኝ ሄጄ የጨቀጨቅኋቸው። ሰብሌ «ጋሽ ይሄነው፣ ምን እንዲህ አስጨነቀዎት?» ብትለኝ «ገበያ ይመጣልኛል» አልኋት። እውነቱም ገበያ ነው።

በታኅሣሥ ሲተክሏት ወጣቱ ቴክኒሻን እንዳልነካት አስጠነቀቀኝ። እንደ ሄደ ፈታኋት። የሞተር ትምህርቴም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፣ የተረፈውን ብሎን ኪሴ እከታለሁ፤ ይሠራል።

የካቲት 6

የኔአለም ዳቦ እየገመጠች መጣች። የእኔኑ ዱቄት ዳቦ። የታላቅ እህቴ የንግሥቴ ልጅ ናት። እኔ ልጅ የለኝም፤ እሷ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ዱቄት ተቀብተዋል» አለችኝ።

«ሚስት ሊያዩልኝ ሊመጡ ነው፤ ላምር ብዬ ነው።»

ሳቀች። በርበሬ በሚፈጭበት በኩል ስታልፍ ግን አፍንጫዋን ይዛ ሮጠች። ጉንፋን ይዞኛል አለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ሽታ እንዲህ ያስመርረዋል እንዴ? እኔን ሲይዘኝ የሞተ አይጥ እንኳ አይሸተኝም።

አምና በግንቦት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ጀርባው ተከፍቶ ተወለደ፤ አከርካሪው አልገጠመም። ሳይሰነብት ሄደ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም።

ሰብሌ በኋላ ነገረችኝ። ሴቲቱ ሳትጸንስ ጀምሮ ያ ፎሊክ አሲድ በሰውነቷ ካለ፣ እንዲህ ያለው ነገር የመድረስ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ጀርባው የሚገጥመው በመጀመሪያው ወር ነው፤ አብዛኛዋ ሴት መጽነሷን ስታውቅ ጊዜው አልፏል ወይም ሊያልፍ ነው። ለየኔአለም ክኒኑን ሰጥታት ነበር። ልጅቱ ግን «መድኃኒት የሚውጥ የታመመ ነው፤ እኔ ምን ሆንሁ?» ብላ ተወችው። ክኒን ይተዋል። ዳቦ ማን ይተዋል?

ለእሷ ብዬ አይደለም ያስተከልሁት። ግን እግረ መንገዷን ብትበላ ምን ይጎዳል።

የካቲት 11

ደክሞኛል። ሰው እንደ ጉድ። አንዲት ነገር ብቻ ልጻፍ፤ ስጽፋትም ያስቀኛል።

ስመኝ ተሰልፋ ነበር። የስመኝን ምላስ ለማያውቅ፣ ጠዋት መካነ ሰላም የሰማችውን የምሳ ሰዓት ሚኒባስ ከላላ ከተማ ሳይደርስ እዚያ ያሉት ያውቁታል። አንገቷን አስግጋ ጡጦዋን አየች።

«አያ ይሄነው፣ ይቺ ቢጫ ነገር ምንድን ናት?»

«የፈረንጅ ላም ወተት ነው። አድርቀው ፈጭተው ላኩልን።»

«በስመ አብ! ከነገ ወዲያ እኮ ጾም ነው!»

«ታዲያ ጡጦ ያልናት ለምን ይመስልሻል? አገሩን ሁሉ ላጠባው ነው።»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። አንዲት አሮጊት ሆዳቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ስመኝም ሳቀች፤ ከዚያ ቁናዋን አነሣችና «ሰኞ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

የካቲት 16

ስመኝ ሰኞ አልመጣችም። ሌላውም ቀነሰ። ጾም ነው፤ ሰው ምግብ ይቀንሳል።

የካቲት 19

ጾም አይደለም።

ጎረቤቴ ጀላል ነው የነገረኝ። ቁርኣን ያስቀራል፤ ከእኔ የሚለየው ቀልድ ሲሰማ ለመሳቅ ጊዜ መውሰዱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ወፍጮ ቤት አየ።

«አቦ ይሄነው፣ ወላሂ ጀማውን በተንኸው።»

«ምን አደረግሁ?»

«ዱቄቱ የላም ወተት አለበት እየተባለ ነው። ክርስቲያኑ ሁሉ ታች ሰፈር ተሰልፏል። ባለቤቱ ዛሬ ለሁለተኛ ወፍጮ ቦታ ሲለካ አየሁት።»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እሱ ታግሦ ጠበቀኝ።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለ። «ረመዳን ሲገባ ደግሞ የአሳማ ሞራ አለበት በልና እኛንም አባርረን። ከዚያ ራስህን ትፈጫለህ።»

ነገ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ ነገሩን አስተካክለዋለሁ። ቀልድ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?

የካቲት 21

ያየሁትን ሁሉ አስቆምሁ። «ወተት የለበትም» አልሁ። «እናውቃለን፣ እናውቃለን» እያሉ ጠቀሱኝ። አንዱ «ቅቤውስ?» አለኝ።

የካቲት 24

እህቴ ንግሥቴ መጣች። በርጩማ ሰጠኋት፤ አልቀመጥም አለች።

«የኔአለም እንጀራም ዳቦም ትታለች» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ትጾማለች፤ ማታ ንፍሮና ጎመን ትቀምሳለች፤ በቃ። ስመኝ ነግራታለች። የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት ያንተን ዱቄት ስትበላ ከርማ ነበር። ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀሰች ብታይ።»

«እታለም፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ቀልድህን እንደሆነ። እሷን ግን አታውቃትም።»

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ። አምና ልጅቱ ያን ልጅ አርግዛ ሳለ በገና ጾም አቅም አጣች። እናትዋ ፈርታ ወተት አፍልታ ሰጠቻት። አልጠጣም ብትል ተቆጥታ አጠጣቻት። ልጁ ጀርባው ተከፍቶ ሲወለድ የኔአለም አንድ ቃል ብቻ አለች አሉ፤ «ወተቱ ነው።» ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለችም። ስመኝ ስትነግራት ግን «ደግሞ?» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ንግሥቴ ከሄደች በኋላ ሞተሩን ዘይት ቀየርሁ። መቀየር አያስፈልገውም ነበር።

ከዓለም ቀልድ ሁሉ ይህን መምረጤ። ድንጋይ አለበት አላልሁም። አሸዋ አለበት አላልሁም።

የካቲት 25

ቤቷ ሄድሁ። ባሏ ዓባይነህ ገብስ ሊጭን ደጎሎ ሄዷል። ብቻዋን ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ አገኘኋት። ያ ጉንፋን እስካሁን አልለቀቃትም።

ወተት የለበትም አልኋት። ስመኝን ለማሳቅ ያልሁት ነው አልኋት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እንዳላዝን ብለው ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ማርያምን እውነቴን ነው!»

ፈገግ አለች፤ ያቺ ፈገግታዋ ቆረጠችኝ። «በፋሲካ ዶሮዋ ሁለት ሳይሆን አራት እግር ነበራት ብለው በማርያም ምለው አላሳመኑንም? እኔ እኮ የጎደለውን እግር ስፈልግ ነው ያመሸሁት።»

እውነት ነው። ፈልጋ ነበር። እኔ አራቱንም የበላሁ ይመስል እየሳቅሁ ነበር።

ስወጣ «አይዘኑብኝ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን ያጽናናችኝ።

መጋቢት 4

ሰብሌ ተቆጥታለች። «ጋሽ ይሄነው፣ ዱቄቱን ሰው ካልበላው ማሽኑን ወደ ወግዲ እንወስደዋለን፤ ሌላ ወፍጮ ጠይቆናል» አለች። ልክ ናት። ቅመሙ ከእንስሳ የሆነ ነገር እንደሌለበት አለቆቿን አስጠይቃ አረጋግጣለች፤ ለመምሬ ታደለም ነግራቸዋለች።

«አሁን እርስዎ ያበላሹትን እኔ በየትኛው አፌ ላስተካክለው?» አለችኝ። መልስ ሳጣ የምቀልደውን ቀልድም አጣሁ።

የኔአለምን አንሥቼ ጎመንና ንፍሮ ብቻ ነው የምትበላው ብላት «ጎመንና ባቄላ መጥፎ አይደለም፤ ፎሌት፣ ማለትም የፎሊክ አሲዱ ዘመድ፣ አላቸው፤ ግን አይበቃም። እንደገና እርግዝና ካሰበች ዛሬውኑ ትምጣ» አለችኝ። ካሰበች። እኔ ምን አውቄ።

መጋቢት 5

መምሬ ታደለ ዘንድ ሄድሁ። የየኔአለም የንስሐ አባት ናቸው። የእኔም ናቸው፤ ምስኪን።

«እኔ አምኛለሁ» አሉኝ። «ሰብሌ በደንብ አስረድታኛለች፤ የጾም ነው። ለልጅቱም ነግሬያታለሁ። ‹አባቴ፣ እርስዎ ተነግሮዎት ነው እንጂ የተከተተውን ያየው ጋሼ ነው› አለችኝ። ሌላውም እንዲሁ ይለኛል። ወሬው ካንተ አፍ ወጣ፤ ካንተ አፍ ካልተመለሰ አይመለስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመህ ትናገራለህ።»

«መምሬ፣ በሕዝብ ፊት?»

«ስትዋሽ በማን ፊት ነበር?»

መጋቢት 10

የደብረ ዘይት እሑድ። ቅዳሴ ወጣ፤ መምሬ ታደለ ሕዝቡን ጸጥ አሰኝተው «ይሄነው የሚላችሁ አለው» አሉ። ከጽዱ ሥር ቆምሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላውም ቀጠለ። ዕድሜ ልኬን ያስለመድኋቸው ይህን ነው፤ እኔ ስቆም እነሱ ይስቃሉ።

«ወገኖቼ፣ ያን ዱቄት ወተት አለበት ያልሁት ዋሽቼ ነው። የለበትም። ለእርጉዝ፣ ለማርገዝ ለምታስብ፣ ለሕፃን ይጠቅማል...»

«ታዲያ የምን ወተት ነው፣ የግመል?» አለ አንድ ሰው።

ቅጥሩ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የስመኝ ልጅ፣ በጥር የተዳረችው፣ ባሏን ጎሸም አድርጋ ትስቃለች። የኔአለም አልሳቀችም። ከሴቶቹ ጀርባ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይበልጥ ሳቁ። ተቆጣሁ። ቁጣዬን የቀልዱ መጨረሻ አደረጉትና አጨበጨቡልኝ።

መምሬ በመንገድ ላይ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ጥሩ ሰው ናቸው።

መጋቢት 14

ረመዳን ገባ። ጀላል የሚያስቀራቸው ቤተሰቦች ሁሉ ስንዴያቸውን ይዘው መጡ፤ እሱ ነው የሰደዳቸው። ቀኑን ሙሉ ፈጨሁ። ሰብሌ አይታ ማሽኑ ለጊዜው ይቆይ አለች።

ለጀላል ምን ብዬ እንደማመሰግነው ሳስብ «አብሽር» አለኝ፤ «እኛ ወተት እንወዳለን።»

እሱም ቀልድ ጀመረ። እኔ ስተው።

መጋቢት 18

ዛሬ የሆነውን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ንግሥቴ ስንዴ አሸክማ መጣች። የየኔአለም ስንዴ ነው። ልጅቱ የጾም ዳቦ ልትጋግር ብላ ታች ሰፈር እንድታስፈጭላት ነው የሰጠቻት። እህቴ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቅመሙን ጨምርበት። ታች ሰፈር አስፈጨሁት እላታለሁ።»

ወደ ጡጦዋ አየሁ።

«ምን ያፈዝዝሃል? ካንተ ሌላ ማን ያውቃል? መልኩ እንደሆነ አይለይ፣ ጣዕሙም አይለይ። ይጠቅማታል አላልህም?»

«ብያለሁ።»

«ወተት የለበትም አላልህም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያ ምን ኃጢአት አለው? አንተ በሕይወትህ ሰው ሳታታልል ያደርህበት ቀን አለ?»

የለም። ለዚህች ለራሷ ለእህቴ በሠርጓ ዕለት ሙሽራው ጠፋ ብዬ ነግሬያታለሁ። ስንዴውን አፈሰስሁት። ሞተሩን አስነሣሁ። እጄን ጡጦዋ ላይ አደረግሁ። ትንሽ ቅመም በጣቶቼ መካከል ነበር፤ ቢጫ፣ ልስልስ ያለ፣ ሽታ የሌለው። እንደዚህ ቀላል ነገር ሠርቼ አላውቅም። የሚስቅልኝ ሰው እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

እኔ ቀልድ ስቀልድ መጨረሻው አለው። አታለልሁህ እለዋለሁ፤ ይሰድበኛል፤ አብረን እንስቃለን። ያ ነው ቀልድ። ይህን ግን ለየኔአለም በየትኛው ቀን እነግራታለሁ? በጾም ወተት ነው ብላ ያመነችውን ሳታውቅ አብልቼ፣ ከዚያ በየዓመቱ በፋሲካ ፊቷን እያየሁ ልቀመጥ? ባይሆን ድንጋይ በበላሁ።

ደግሞ ጸንሳ ቢሆንስ? ወይም ነገ ብትጸንስስ? ጀርባው ባይገጥም፣ እጄ ላይ የነበረውን መልሼ ከረጢት የከተትሁት እኔ ነኝ።

ጡጦዋን ዘጋሁና እንዲሁ ፈጨሁት።

ንግሥቴ አየችኝ። «ለመቀለድ ጊዜ አንበሳ ነህ» አለችና ወጣች። ዱቄቱን ትታው ሄደች። ትክክል ያደረግሁ አይመስለኝም። ሌላውን ማድረግ ግን አልቻልሁም።

መጋቢት 19

ዱቄቱን ራሴ ተሸክሜ ወሰድሁላት። ዓባይነህ የለም። አራግፌ ተቀመጥሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ እንደመጣልኝ ተናገርሁ።

«ይህ ዱቄት ታች ሰፈር አልተፈጨም። እኔ ዘንድ ነው የተፈጨ። እናትሽ ቅመሙን ደብቀህ ጨምርበት አለችኝ። አልጨመርሁም። ንጹሕ ስንዴ ነው። ብዪው።»

አየችኝ። ሳቅ የሚመጣበትን ቦታ ፊቴ ላይ የምትፈልግ መሰለኝ። አልነበረም።

«መጨመር ይችሉ ነበር?»

«እችል ነበር።»

«እኔስ አውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«አንቺ ወተት ነው ብለሻል። ወተት አይደለም፤ አንቺ ግን ብለሻል። ጾምሽን ሳታውቂ እኔ ልፈታልሽ?»

የከረጢቱን አፍ ፈትታ ዱቄቱን በጣቷ ነካች። ዝምታ ሳገኝ የምሞላው ነገር ይመጣልኛል። ምላሴን ነከስሁ።

በኋላ ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲያ ወተት የለበትም» አለች። ለራሷ ነው የምትናገረው። «ለእኔ ይጠቅማል ብለው እንኳ ካላታለሉኝ፣ የለበትም ሲሉም እያታለሉኝ አይደለም።»

«የለበትም ልጄ።»

«መጀመሪያ ሳምንት የበላሁትም?»

«የበላሽው ሁሉ የጾም ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም፤ የዱቄት ብናኝ ዓይን ያስቸግራል፤ ከልብሴ ገና አልረገፈም ነበር። ካልቀረ ብዬ ስለ አምናው ሕፃንም ሰብሌ ያለችኝን ነገርኋት። የጠጣሽው ወተት ጀርባ አይከፍትም፤ አንቺ ወተቱን ስትጠጪ ነገሩ ከሆነ ወራት አልፎታል አልኋት። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፤ ያን ጊዜ ስለ ሎሚውና ስለ ጉንፋኑ ገባኝ። ደደብ ነኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «ከጥር ጀምሮ ቀርቶብኛል። ለዓባይነህም አልነገርሁም። ፈርቼ ነው።»

ጥር። በጥር ምን ትበላ እንደነበር አስታወስሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ዳቦዋም እንጀራዋም ከእኔ ዱቄት ነበር። ጀርባ የሚገጥምበት ያ የመጀመሪያው ወር ያለፈው ጾሙ ሳይገባ ነው። እኔ ከመቀለዴ በፊት ነው።

ነገርኋት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያ አፍዎ ዘግይቷል» አለችኝ፤ ከጾሙ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ይህን ብላ ነው።

መጋቢት 20

ከእኔ ጋር ሰብሌ ዘንድ ሄደች። ክኒን ተሰጣት። ቀኑን ሙሉ መጾሙንም መምሬ ታደለ ከለከሏት። ሰብሌ ለብቻዬ ስታገኘኝ «ዋስትና የለም» አለችኝ። አውቃለሁ። ማን ጠየቃት።

ሚያዝያ 8

ፋሲካ። የኔአለም በእናትዋ ፊት አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣች። ንግሥቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዶሮዋ ሁለት እግር ነበራት። ሁለቱንም ለየኔአለም ሰጠናት።

ሚያዝያ 15

ሰው ተመለሰ! ሁሉም! ጾሙ ወጣ፤ አሁን ወተት ቢኖርበት ምን ግዱ። «አያ ይሄነው፣ ወተቱን ጠብሰቅ አድርግልን» ይሉኛል። እኔ ለሁለት ወር ስለምናቸው ያልመጡት ወተቱን ፍለጋ መጡ። ከእንግዲህ የሰው ነገር አይገባኝም።

ሚያዝያ 24

ለየኔአለም ምርመራ ደሴ ደርሰን መጣን። ዓባይነህ፣ ንግሥቴ፣ የኔአለም፣ እኔ። እኔ አያስፈልግም ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ስለነበረ ነው። ሐኪም ቤቱ መተላለፊያ ላይ ተቀምጬ አጠገቤ ላለ ሰው ቀልድ ጀመርሁና መካከሉ ላይ ጠፋኝ። ሰውየው እስካሁን መጨረሻውን እየጠበቀ ይሆናል።

ስትወጣ ፊቷን ማየት ፈርቼ ጫማዋን አየሁ። «ጋሼ» አለች፤ «ገጥሟል። ከላይ እስከ ታች። በማሽኑ መስተዋት አሳይተውኛል፤ እንደ ስንዴ ዘለላ ነው።»

ሐኪሙ እንደገና እናየዋለን ብሏል፤ ለአሁኑ ግን ጀርባው ደህና ነው። ዱቄቱ ይሁን፣ ጸሎቷ ይሁን፣ ወይም እንዲያውም ሊሆን የነበረ፣ ማንም አያውቅም። ንግሥቴ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር። ከትንሽነታችን ጀምሮ እጄን ይዛ አታውቅም፤ ጆሮዬን ነበር የምትይዘው።

ሚያዝያ 28

ዛሬም ሰልፍ ነበር። ስመኝ ቁናዋን በራሷ ላይ አድርጋ በጥር ከዳረቻት ልጇ ጋር ቆማለች። ጥሩ ስሜት ላይ ነበርሁ፤ አንዱን ልቀልድ አፌን ከፈትሁ።

ስመኝ ቀደመችኝ። «አያ ይሄነው፣ እንኳን ደስ አለሽ በለኝ። ልጄ ወሯ ቀርቶባታል። ገና ትናንት ነው የነገረችኝ።»

ልጅቱ አፍራ አንገቷን ደፋች። ጎልማሶቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ይቺ ልጅ ጾሙን ሁሉ ምን ስትበላ ከረመች? ታች ሰፈር የተፈጨ። በጥር ስንት ሙሽራ ነው የገባው? እናቶቻቸው ሁሉ የት ነበር ያስፈጩት? የኔአለምን ያተረፋት ቀልዴ መዘግየቱ ነው። ለእነዚህኞቹ አልዘገየም። በሰዓቱ ነው የደረሰው።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኋት።

«ለምን?»

«ክኒን አለ። የሕፃኑ ጀርባ የሚገጥመው በዚህ ወር ነው። በዱቄቱ ውስጥ የነበረው እሱ ነው፤ በእኔ ምላስ ቀርቶባታል። ዛሬ ከጀመረች ምናልባት እንደርሳለን።»

ስመኝ ሳቀች። ከት ብላ ሳቀች። «ደግሞ ዛሬ ምን ልታደርገኝ ነው!» አለች፤ ሰልፉም አብሮ ሳቀ።

ሞተሩን አጠፋሁት። ስንዴ በአፉ ላይ እያለ፣ ሰው ቆሞ እያለ። ቀልዶ ሞተር ያጠፋ ባለወፍጮ የለም። ጸጥ ሲል ሳቁም አብሮ ጠፋ። ስመኝ ፊቴን አየች፤ መልኳ ተለወጠ።

«አያ ይሄነው፣ ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ምንም እንዳትሆን ነው።»

ሦስታችን ዳገቱን ወጣን። ሰብሌ ልጅቱን ወደ ውስጥ አስገባቻትና ክኒኑን በእጇ አስዋጠቻት። ደርሰናል ወይስ ጊዜው አልፏል ስንላት «ዛሬ መምጣታችሁ ከነገ ይሻላል» አለች። የሌሎቹን ሙሽሮች ቤት ነገ እየዞርን እናንኳኳለን፤ እኔ ብቻዬን ብሄድ በር ላይ ስለሚስቁብኝ መምሬ ታደለና እሷ አብረውኝ ይመጣሉ።

ስንመለስ ልጅቱ ቀድማን ወረደች። ስመኝ ከኋላ ከእኔ ጋር ቀረች። ያቺ ምላስ መንገዱን ሁሉ አልተንቀሳቀሰችም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«አያ ይሄነው፣ ፈራሁ። እስቲ አንድ ነገር በለኝና አስቀኝ።»

ቆሜ አሰብሁ። ብዙ አሰብሁ። ምንም አልመጣልኝም። ቁናዋን ከራሷ ላይ ተቀብዬ ተሸከምሁላትና አብረን ወረድን።